ጊታራችሁን በምን ትቀቡታላችሁ? አምስት አማራጮች ከነስህተታቸው

ከወር በፊት አንድ ልጅ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። አንሶላውን ሲገልጠው ደነገጥኩ። የጊታሩ ፊት እንደ ደረቀ በርበሬ ተጨማዷል። «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። ጣቴን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩበት። ላዩ ደርቋል። ሥሩ ግን ገና ይላወሳል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥቁር የጣሳ ስፕሬይ ገዛና ራሱ ቀባው። በማግስቱ እንዲያብለጨልጭለት ባጃጅ ወደሚቀባ ጋራዥ ወሰደው። ቀቢው በላዩ ላይ የመኪና ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው የሚያብለጨልጭ መሸፈኛ፣ ነፋበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀለሙ መኮማተር ጀመረ። ክሊሩ ውስጥ ያለው ቲነር ገና በቅጡ ያልደረቀውን ጥቁር ቀለም ከሥሩ አነሳው።

ልጁ የተሸጠለት ቀለም ፎርጅድ መስሎት ነበር። አይደለም። ሁለቱም ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ አብረው አይሄዱም እንጂ። እኔም ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ ጊታሬን ያበላሸሁት በዚሁ መንገድ ነው። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ከረምኩ። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ብዙ ሰው «የትኛው ቀለም ይሻላል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ብትሳሳት የትኛውን መመለስ ትችላለህ?» እላለሁ። ስህተት መቼም አይቀርም። አንዱ ቀለም ስህተቱን በአሥር ደቂቃ ያሳርማችኋል። ሌላው ከባዶ እንጨት ያስጀምራችኋል። ለጀማሪ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

አንደኛው መለኪያ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሲበላሽ ይጠገናል ወይ?

ሁለተኛው አቧራ ነው። እኔ የምሠራው አዳማ ነው፤ ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። ከተማዋ አጠገብ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች 136 ናቸው። ያንን ሁሉ የሚያሽከረክር ነፋስ እናንተም ግቢ ይገባል፤ አቧራውን ይዞ። ስለዚህ ቀለሙ ከተነፋ በኋላ ለስንት ደቂቃ እንደሚያጣብቅ ማወቅ አለባችሁ። 15 ደቂቃ የሚያጣብቅና ስድስት ሰዓት የሚያጣብቅ ቀለም አዳማ ላይ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ሳንባችሁ ነው። አንዳንዱ ቀለም በር ከፍቶ መሥራት ይበቃዋል። አንዳንዱ ግን ያለ ትክክለኛ ማስክ ፈጽሞ አይነካም።

አራተኛው መሣሪያ ነው፦ ኮምፕሬሰር አላችሁ? ወይስ እጃችሁና ጨርቅ ብቻ? አምስተኛው የቀለሙ ውፍረት ነው። ድፍን አካል ላለው ኤሌክትሪክ ጊታር ውፍረቱ ያን ያህል አያሳስብም። የአኩስቲክ ጊታር ፊት ግን ሁለት ሚሊ ተኩል ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጥ ስስ እንጨት ነው። እሱ ላይ ወፍራም ቀለም መጫን ከበሮ ላይ ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። የመጨረሻው ገንዘብ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጠራም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን እነግራችኋለሁ።

አሮጌ ጊታር ከሆነ አንድ ምርመራ

ከመምረጣችሁ በፊት ጊታሩ ላይ አሁን ያለው ምን እንደሆነ እወቁ። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልሉ። መጀመሪያ አልኮል፣ ቀጥሎ ቲነር ነክራችሁ የማይታይ ቦታ ላይ አሳርፉት፤ ከፒክጋርዱ (ፊቱን ከጭረት ከሚከላከለው ፕላስቲክ) ሥር ወይም አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ጉድጓድ ውስጥ። በአልኮል ከለሰለሰ ሼላክ ነው። አልኮሉን ችሎ በቲነር ካጣበቀ ላከር ነው፤ ሁለቱንም ከታች አብራራለሁ። አልኮሉም ቲነሩም ምንም ካላደረጉት የፋብሪካ ፖሊ (ፖሊስተር ወይም ፖሊዩረታን የሚባል ጠንካራ ቅብ) ነው፤ አብዛኛው ርካሽ ጊታር ይሄኛው ነው።

ፖሊ ከሆነ እስከ እንጨቱ ልግፈፈው ብላችሁ አትልፉ። ብዙ ሰው ጊታሩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያ ፖሊ እንደ ጥሩ ፕራይመር (ከቀለም በፊት እንደሚቀባ መሠረት) ያገለግላል። በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ብቻ አሽታችሁ በላዩ ቅቡ። በእሳት ወይም በሙቀት ማሽን ለመግፈፍ የሞከረ ሰው ጠርዙን የሚዞረውን ፕላስቲክ አብሮ ያቀልጠዋል። የጥንት ጊታር ከሆነ ደግሞ ያ ፕላስቲክ ሴሉሎይድ ሊሆን ይችላል። ሴሉሎይድ እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው።

ናይትሮ ላከር

የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ ሄዳችሁ «ላከርና ሲለር» በሉ፤ ሲለር ከላከሩ በፊት እንጨቱን የሚደፍነው ነው። ጣሳው ላይ «ኤንሲ» (NC) የሚል ከተጻፈበት ናይትሮሴሉሎስ ነው። ዓለም ላይ ስማቸው የገነነ የ1950ዎቹ ጊታሮች በዚሁ ዓይነት ነገር ነው የተቀቡት። ጊብሰን ዛሬም ይጠቀምበታል። ፌንደር በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስተር ዞሯል።

የናይትሮ ትልቁ ጥቅም አዲሱ እጅ (አንድ ዙር ቅብ) የበፊቱን አሟሙቶ አንድ አካል መሆኑ ነው። ቀለሙ እንባ አውጥቶ ቢወርድ፣ ይደርቅና በምላጭ ተቆርጦ ይስተካከላል፤ በላዩ አንድ እጅ ሲደገም ቦታው አይለይም። ከአምስት ዓመት በኋላ ቢላጥም እንደዚሁ። ከአቧራ ጋርም ይስማማል። በ15 ደቂቃ ገደማ ማጣበቁን ያቆማል። ለአዳማ የሚስማማ ጸባይ ነው።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ንብርብሩ ስስ ስለሆነ ከ8 እስከ 12 እጅ ይፈልጋል። በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መጠበቅ፣ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አለማለፍ ግድ ነው። ከዚያ ለመጨረሻው ማሸት ሦስት አራት ሳምንት ይሰቀላል። ላዩ ቢደርቅም ቲነሩ ገና ከውስጥ እየወጣ ነው። በስድስተኛው ቀን ያሸው ሰው መስታወት የመሰለ ጊታር ያገኛል። በሁለተኛው ወር ግን ቀለሙ እየሰመጠ የእንጨቱን ጅማት አንድ በአንድ ያሳየዋል። መድረቁን እኔ የማውቀው በአፍንጫዬ ነው። የፒክአፑ (የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያው) ጉድጓድ ውስጥ አፍንጫዬን እከታለሁ። የቲነር ሽታ ካለ አልደረቀም።

የአዳማ አየር ለናይትሮ ሁለት ፈተና አለው። በበጋ ቀትር ላይ ብትነፉት ቲነሩ አየር ላይ እያለ ይተንና ቀለሙ ደርቆ ያርፋል። በእጃችሁ ስትዳስሱት አሸዋ አሸዋ ይላል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጠቀምና ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ነፋሱም ፀሐዩም ሳይበረታ መሥራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ዝናብ ባለበት ቀን የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ውስጥ ይገባና ላዩ ነጭ ጉም ይለብሳል። አትደንግጡ፤ አትፋቁት። ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ስስ ቲነር ብትረጩበት ጉሙ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ናይትሮ እሳት አይችልም። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየነደደ በዚያው በረንዳ ላይ እንዳትነፉ። ሁለተኛ፣ የጊታር ማቆሚያ ላይ ያለው ጎማ ናይትሮን ያቀልጠዋል። ጎማውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት።

ቱኬ፣ ማለትም የመኪና ክሊር ከነሀርድነሩ (ከነማጠንከሪያው)

የመኪና ቀለም ለጊታር እንግዳ ነገር አይደለም። ፌንደር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የዱፖንትን የመኪና ቀለሞች ነበር የሚጠቀመው። ፊየስታ ሬድ የሚባለው ቀይ ከፎርድ፣ ሌክ ፕላሲድ ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ከካዲላክ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጋራዥ ሄዶ ጊታር ማስቀባት ነውር የለውም።

ቱኬ የሚደርቀው ቲነር ስለተነነ ብቻ አይደለም። ክሊሩና ሀርድነሩ ተገናኝተው ሌላ ጠንካራ ነገር ይሆናሉ። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይበቃል። በሳምንት ውስጥ ታሽቶ ያበራል። ላብ አይፈራም፣ አልኮል አይፈራም። በየሳምንቱ መድረክ ለሚወጣ ጊታር፣ ለመዘምራንም ለባንድም፣ ጥንካሬው ያኮራል።

ግን ይቅር አይልም። እጆቹ እርስ በርስ አይሟሟሙም። ሲታሽ የላይኛውን ካለፋችሁ የድንበሩ መስመር እንደ ካርታ ቀለበት ይታያል፤ ያኔ ማዳኑ ሙሉ ፊቱን እንደገና መንፋት ነው። ከተደባለቀ በኋላም የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። መብራት በመሃል ቢሄድና ኮምፕሬሰሩ ቢቆም፣ ቀለም መንፊያው ሽጉጥ ውስጥ ያለው ክሊር እዚያው ድንጋይ ይሆናል። ቶሎ ፈታችሁ በቲነር እጠቡት።

የሳንባውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሀርድነሩ ውስጥ ኢሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። አስም ያስይዛል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ትንሹም ይበቃዋል። የጨርቅ ማስክም ሆነ የሐኪም ማስክ አያስቆመውም። ባለሙያ የሚሠራው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማስክ አድርጎ ነው። ግቢ ተጋርታችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ከሆነ፣ ቱኬን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ለዚህ ሥራ ሰው መክፈል ይሻላል።

ለጋራዥ ስትሰጡ ጊታሩን ራሳችሁ አሽታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ የማይቀባውን ሸፍናችሁ ውሰዱት። ዋጋውም ይቀንሳል። ቀቢውን ሦስት ነገር ለምኑት። አንደኛ፣ ቀለሙም ክሊሩም ከአንድ ቤተሰብ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ስስ አድርጎ ይንፋ፤ መኪና በር ላይ እንደሚጭነው አይጫን። ሦስተኛ፣ ያን ቀን በአካባቢው ጎማ ወይም ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቅ ቅባት አይረጭ። የዚህን ምክንያት ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የጣሳ ስፕሬይ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ኮምፕሬሰር አያስፈልግም። በትንሽ ገንዘብ ይጀመራል። ችግሩ «ስፕሬይ» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መሸፈኑ ነው። አንዱ አክሪሊክ ላከር ነው፤ ጸባዩ ወደ ናይትሮ ይጠጋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሌላው ኢናሜል ነው፤ ለብረት በርና ለአጥር የተሠራ። ኢናሜል ለሰዓታት ያጣብቃል፣ ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የአዳማ አቧራ ደስ ብሎት ይቀመጥበታል። በላዩ ላከር ወይም ቱኬ ከመጣበት ደግሞ ያ ልጅ ያመጣልኝ መጨማደድ ይከተላል።

ስለዚህ ጣሳውን አንብቡ። «አክሪሊክ» የሚል ፈልጉ። ቀለሙንም ክሊሩንም ከአንድ ዓይነት ግዙ። መጀመሪያ ግን በቁራጭ እንጨት ላይ ሙሉውን ሥራ ሞክሩት፤ ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር። ሁለት ቀን አቆዩት። ቁራጩ ላይ ካልተጨማደደ ጊታሩም ላይ የመጨማደድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ይህን ምክር ከልባችሁ ያዙልኝ፤ የአንድ ጣሳ ሩብ ከፍላችሁ ሙሉ ጊታር ታድናላችሁ።

የጣሳ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከቱኬ የለሰለሰ ነው። ቀበቶ ይጭረዋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀልና ቤት ውስጥ ለሚመታ ጊታር ይበቃል።

ሼላክ

ሼላክ እስያ ውስጥ፣ በተለይ ሕንድ፣ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ የምትተወው ሙጫ ነው። እንደ ስስ ቅርፊት ተሰባብሮ የሚሸጠው ሙጫ በአልኮል ይሟሟና በጨርቅ ጥቅልል እየታሸ ይቀባል። ብዙ ጥሩ የክላሲክ ጊታሮች የሚቀቡት በዚህ ነው። ንብርብሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ድምፁን አያፍንም። ለሳንባም ከቀለሉት አንዱ ነው።

100 ግራም ያህል ቅርፊት በግማሽ ሊትር አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አልኮሉ ላይ ነው። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውኃ ነው። ሼላክ ውኃ ሲነካው ይደፈርሳል፣ ነጭ ይሆናል፣ አይደርቅም። 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልጉ። ሌላው ስህተት አንዴ ያሟሟችሁትን ለዓመት ማስቀመጥ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እንደ ማር እየተጣበቀ የማይደርቅ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጻፉ።

የሼላክ ድክመቱ ላብ፣ ሙቀትና አልኮል ነው። በአዳማ ሙቀት ክንድ የሚያርፍበት ቦታ በላብ ይነጫል። ግን በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው ሼላክ፣ በአንድ ከሰዓት ይመለሳል። ትዕግሥት ላለው ሰው በጣም የምወደው ሥራ ነው።

የተልባ ዘይት

ዘይት ንብርብር አይሠራም፤ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። በጨርቅ ትቀባላችሁ፣ 15 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ። በየቀኑ አንድ እጅ፣ ከሦስት እስከ አምስት እጅ። አቧራ የሚያጣብቅበት ምንም የለም። የጊታር አንገት ላይ እጅ ሳይያዝ ይንሸራተታል፤ ደስ የሚል ነው። ለአኩስቲክ ፊት ግን አልመክርም።

የቤት ተልባ ተጨምቆ የወጣው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል። ለእንጨት የሚሸጠው «የተፈላ» የሚባለው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው። ትልቁ አደጋ ግን ጨርቁ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ሲጣል ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ይህ ለማስፈራራት የተነገረ ተረት አይደለም።

ፖሊስተርን አልዘረዘርኩም፤ የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ቤት አይገባም።

ባጭሩ ጎን ለጎን

| መለኪያ | ናይትሮ | ቱኬ | አክሪሊክ ጣሳ | ሼላክ | የተልባ ዘይት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሲበላሽ መጠገን | በጣም ቀላል | ከባድ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | በጣም ቀላል |
| አቧራ የሚይዝበት ጊዜ | አጭር | መካከለኛ | አጭር | በጣም አጭር | የለም ማለት ይቻላል |
| እስኪታሽ ያለው ጊዜ | 3–4 ሳምንት | 1 ሳምንት ገደማ | 2–4 ሳምንት | ጥቂት ሳምንታት | አይታሽም |
| የሳንባ አደጋ | ከፍተኛ | እጅግ ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| መሣሪያ | ኮምፕሬሰር | ኮምፕሬሰርና ልዩ ማስክ | የለም | ጨርቅ | ጨርቅ |
| ጥንካሬ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ወጪ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |

ቀለም የማይመርጡ ስህተቶች

የትኛውንም ብትመርጡ ከዚህ በታች ያሉት ያገኟችኋል።

ማሸት። የቀለም ሥራ ከመቶ ሰማንያው ከቀለም በፊት ነው ብል አላጋነንኩም። ባዶ እንጨት በ120 ይጀመራል፣ በ180 ይቀጥላል፣ በ220 ያበቃል። ቁጥር መዝለል አይቻልም። በ120 የተጫረውን 220 አያጠፋውም፤ ይደብቀዋል እንጂ። ቀለም ሲያርፍበት ጭረቱ ብቅ ይላል። እንጨቱን ጨርሻለሁ ስትሉ ክፍሉን አጨልሙ። የስልካችሁን መብራት ከጎን አድርጋችሁ ፊቱ ላይ አንሸራትቱ። በቀን ያላያችሁት ጉድ ሁሉ ጥላውን ጥሎ ይታያል። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀለም አልነካም።

ርካሽ አኩስቲክ ጊታር ከሆነ ተጠንቀቁ። ፊቱ የተደራረበ ስስ እንጨት ነው፤ የላይኛው ልባስ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ከጎተታችሁ ከሥር ያለው ጥቁር ወይም ቀይ ንብርብር ይወጣል። እሱ ከወጣ ተመልሶ የሚገባበት የለም፤ ያለው ምርጫ ድፍን ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ጠርዞቹ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና መሃሉን እሹ። ጠርዙን መጨረሻ ላይ በእጅ ብቻ።

የእንጨቱ ቀዳዳ። ከዋንዛ አዲስ አካል የምታሠሩ ካላችሁ ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ነው። መሙያ ካላገኘ ላከሩን ይጠጣል፤ አሥር እጅ ብትነፉም ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ይቀራል። ዝግባ ግን ጥብቅ ነው፤ ሲለር ይበቃዋል። የመኪና ስቱኮ ለተጎረደ ቦታ ጥሩ ነው፣ ግን ድፍን ቀለም የሚያርፍበት ከሆነ ብቻ። እንጨቱ እንዲታይ የምትፈልጉ ከሆነ ስቱኮው እንደ ቁስል ጠባሳ ያፈጣል።

ቅባት። የእጅ ወዝ፣ የቤት ዕቃ ማብሪያ፣ የዳሽቦርድ ቅባት። በተለይ ሲሊኮን ያለበት ነገር ጊታሩን ከነካ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጠራል። የዓሣ ዓይን ይመስላል። ለዚህ ነው ቀቢውን ያን ቅባት አትርጭ በሉት ያልኩት፤ አየር ላይ ያለው ብናኝ እንኳ ይበቃል። ከመቀባታችሁ በፊት ጊታሩን በንጹሕ ጨርቅና ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ ጥረጉ፤ እሳት አጠገብ አይሁን። ነጭ ጋዝ አትጠቀሙ፤ ራሱ ቅባት ጥሎ ይሄዳል። ከጠረጋችሁ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ሽፋን። ሦስት ቦታ ቀለም ፈጽሞ አይገባም። አንደኛ፣ አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ፤ ቀለም ከገባበት አንገቱ አይገጥምም፣ በግድ ሲገባ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ በአኩስቲክ ጊታር ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) የሚጣበቅበት ቦታ፤ ሙጫ የሚይዘው እንጨት ከእንጨት ጋር ሲገናኝ ነው። ሦስተኛ፣ ጥቁር ቡናማው የፍሬትቦርድ (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት) እንጨት፤ እሱ ዘይት እንጂ ቀለም አይወድም። ነጣ ያለው የሜፕል ፍሬትቦርድ ግን ክሊር ይደረግበታል። ፕላስተሩን ቀለሙ ድንጋይ እስኪሆን አታቆዩት፤ የመጨረሻው እጅ ትንሽ እንደጠጠረ ወደ ራሱ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት።

ብረት ያለበት ቀለም፣ ብልጭልጭ ያለው፣ ከተነፋ በኋላ አይታሽም። ብልጭታው ይበላሽና ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ክሊር ከለበሰ በኋላ ብቻ ነው የሚነካው።

የመጨረሻው ማሸት በውኃ ነው፤ 1000፣ 1500፣ 2000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ (ማብለጭለጫ ቅባት)። ውኃው ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ከዚያ በፊት ግን የብሎን ቀዳዳዎቹን ሁሉ በሻማ ድፈኑ። ውኃ ከገባባቸው እንጨቱ ያብጥና በቀዳዳው ዙሪያ ቀለሙ ይሰነጠቃል። አንድ ወር የለፋሁበትን ጊታር በዚህች ትንሽ ነገር አጥቻለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አቧራን በተመለከተ፦ ክፍሉን በላስቲክ ጋርዱ፣ ወለሉን ውኃ ርጩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሱፍ ልብስ አትልበሱ። ብናኝ ካረፈ ደግሞ እርጥቡ ላይ በጣት አታንሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ይድረቅና በ800 ታነሱታላችሁ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

የመጀመሪያ ጊታራችሁ ከሆነና ገንዘብ ከሌለ፦ አሮጌውን ፖሊ በ320 እሹና አክሪሊክ ጣሳ ተጠቀሙ። ድፍን ቀለም ምረጡ። ነጭ ወይም ክሬም ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። ጥቁር ግን ጭረቱን ሁሉ ያጋልጣል፤ ለጀማሪ ከሁሉ የከፋው ቀለም እሱ ነው።

ጎረቤታችሁ አናጢ ከሆነና ኮምፕሬሰሩን የሚያውሳችሁ ከሆነ፦ ናይትሮ። ባለ ካርትሪጅ (የቀለም ሽታ የሚያጣራ) ማስክ ግዙ። በኔ አስተያየት አዳማ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው፤ ነፋሱን ይቀድማል፣ ስህተትንም ይመልሳል።

ጊታሩ የመድረክ ከሆነና ቶሎ ከተፈለገ፦ ቱኬ፣ ግን በጋራዥ። ዝግጅቱን ራሳችሁ ሥሩ።

ጥሩ አኩስቲክ ወይም ክላሲክ ጊታር ከሆነ፦ ሼላክ። የቅርፊቱ ዋጋ ከበዛባችሁ ለፊቱ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ድምፁ ያለው እዚያ ነው። ጀርባውና ጎኑ ላከር ቢሆን ግድ የለም።

አንገቱ ብቻ ከሆነ የሚያጣብቃችሁ፦ ጀርባውን እስከ እንጨቱ አሽታችሁ ዘይት አድርጉት። በአንድ ሳምንት ይጠናቀቃል። ጨርቁን አትርሱ።

ያ የተጨማደደ ጥቁር ጊታርስ? ለስላሳውን ቀለም በፕላስቲክ መፋቂያ አነሳነው፤ ሳይጠነክር በመምጣቱ እንዲያውም ዕድለኛ ነበር። ከሥሩ የፋብሪካው ፖሊ ደህና ሆኖ ተገኘ። ልጁ ራሱ በ320 አሸው፤ ሦስት ቀን ፈጀበት። በክሬም ቀለምና በናይትሮ ላከር ጨረስነው። ከጨረስን ዛሬ 12 ቀን ነው። ጊታሩ ጓዳዬ ውስጥ በሽቦ ተሰቅሏል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የፒክአፑ ጉድጓድ ውስጥ አፍንጫውን ይከታል። «ገና ነው ጋሼ» ይለኛል፤ እኔም አሸትቼ «ገና ነው» እለዋለሁ።